የአየር መንገድ ስም ያለባቸው ክሬዲት ካርዶች፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

አሜሪካ ውስጥ በአውሮፕላን ብዙ የሚሄድ ሰው ማስታወቂያውን ያውቀዋል። አውሮፕላኑ ከተደላደለ በኋላ አስተናጋጇ ማይክራፎኑን ታነሳለች። ለአየር መንገዱ ክሬዲት ካርድ ዛሬ ካመለከታችሁ ይህን ያህል ሺህ ማይል (በትኬት የሚለወጥ ነጥብ) ታገኛላችሁ ትላለች። ከዚያ ቅጹን ይዛ በወንበሮቹ መሀል ትመላለሳለች።

ካርዱ ላይ ጎልቶ የሚታየው የአየር መንገዱ ስም ነው። ብሩን የሚያበድረው ግን ባንክ ነው። የዩናይትድና የሳውዝዌስት ካርድ ከቼዝ ይመጣል። የዴልታ ከአሜሪካን ኤክስፕረስ፣ የአሜሪካን ኤርላይንስ ከሲቲ፣ የአላስካ ደግሞ ከባንክ ኦፍ አሜሪካ ነው። ካርዱን የሚፈቅደውም የሚከለክለውም፣ ክሬዲት ስኮር የሚያየውም ባንኩ ነው።

ማይል መስጠት የተጀመረው ከካርዱ በፊት ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ አድቫንቴጅ የተባለውን ፕሮግራሙን በ1981 አወጣ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዩናይትድ ወዲያው ተከተለው። ያኔ ማይል የሚገኘው በዋናነት በመብረር ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ባንኮች ገቡበት፤ ሲቲ ከአሜሪካን ጋር ካርድ ያወጣው በ1987 ነው። ከዚያ በኋላ አስቤዛ የገዛም፣ ቤንዚን የሞላም ማይል መሰብሰብ ጀመረ።

ሥራው እንዲህ ነው። ባንኩ ማይሉን ከአየር መንገዱ በጅምላ ይገዛና ለደንበኛው ያድላል። ወጪውን የሚመልሰው ከሦስት ቦታ ነው፦ በካርዱ በተከፈለ ቁጥር ከሱቁ ከሚቆረጠው ሁለት በመቶ ገደማ፣ ከካርዱ ዓመታዊ ክፍያና ከወለድ። አየር መንገዱ ደግሞ ገና ላልተበረረ በረራ ጥሬ ገንዘብ ያገኛል። ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ዴልታ በ2024 ከአሜሪካን ኤክስፕረስ 7.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተቀብሏል። በኮሮና ጊዜ አውሮፕላኖች ሲቆሙ ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበድሯል። አስተናጋጇ ቅጹን ይዛ የምትመላለሰው በከንቱ አይደለም።

አውሮፓ ያሉ ዘመዶች እንዲህ ያለ ጉርሻ ለምን እኛ ጋ የለም ሲሉ ይሰማል። ዋናው ምክንያት ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባንኮች በክሬዲት ካርድ ግብይት የሚወስዱትን የእርስ በርስ ክፍያ በ0.3 በመቶ ገደበው። ከዚህ ላይ ለደንበኛ የሚተርፍ ብዙ ነገር የለም።

አሁን ወደ ምርጫው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ለአዲስ ደንበኛ ከሚሰጠው የማይል ቦነስ ነው። የሚሻለው ግን ከሚኖሩበት ከተማ መጀመር ነው። አትላንታና ሚኒያፖሊስ የዴልታ ከተሞች ናቸው። ዴንቨርና የዋሽንግተኑ ደላስ ኤርፖርት የዩናይትድ፣ ዳላስ የአሜሪካን፣ ሲያትል የአላስካ ነው። የሀገር ውስጥ በረራ የሚያበዛ ሰው ከተማውን የያዘው አየር መንገድ ካርድ ይጠቅመዋል፤ ጥቅሙን በየጊዜው ያገኘዋል።

ለአበሻ ግን አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ አዲስ አበባስ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ዩናይትድም እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ በዩናይትድ ካርድ በተጠራቀመ ማይል የኢትዮጵያን ትኬት መቁረጥ ይቻላል። ኤሮፕላን የተባለው የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ሰው ይህ እድል ነው፤ የከተማው አየር መንገድና የአገር ቤቱ መንገድ በአንድ ማይል ይገጣጠማሉ። የአትላንታ ሰው ግን ይቸገራል። የኢትዮጵያ አውሮፕላን ከ2023 ጀምሮ አትላንታ ቢያርፍም፣ ዴልታ ስካይቲም የተባለ ሌላ ኅብረት ውስጥ ነው። የዴልታ ማይል በኢትዮጵያ አየር መንገድ አያስበርርም። የአሜሪካንና የአላስካ ማይል ያለው ደግሞ በዶሃ በኩል በኳታር ኤርዌይስ አዲስ አበባ መግባት ይችላል፤ ሦስቱም ዋንወርልድ በተባለው ኅብረት ውስጥ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ወንበር ሲገኝ ነው። አየር መንገዱ ለሌላ ኩባንያ ማይል የሚለቀው ወንበር ጥቂት ነው። ለገናና ለጥምቀት፣ ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት ክረምትም ጭራሽ ይጠፋል። ቀኑን ማዘዋወር የማይችል ሰው ማይሉን አቅፎ በካሽ ሲገዛ ይታያል።

ስለ ሻንጣ ብዙ ይወራል። እውነት ነው፣ በሀገር ውስጥ በረራ የመጀመሪያው ሻንጣ ወደ 40 ዶላር ያስከፍላል፤ ካርዱ ካለ ግን ነፃ ነው። የዩናይትድ ኤክስፕሎረር ካርድ ዓመታዊ ክፍያው በ2025 150 ዶላር ደርሷል። ባልና ሚስት አንድ ጊዜ ደርሶ መልስ ሲሄዱ የሁለቱ ሻንጣ 160 ዶላር ስለሚሆን፣ በዚያ ብቻ ክፍያው ይመለሳል። ነገር ግን ሕጉ ይለያያል። ዩናይትድ ትኬቱ በራሱ በካርዱ እንዲገዛ ይፈልጋል፤ የሚሸፍነውም ባለካርዱንና አብሮት ያለን አንድ ሰው ነው። የዴልታ ጎልድ ካርድ ከባለካርዱ ሌላ በአንድ ሪዘርቬሽን ላይ ያሉ እስከ 8 ሰዎችን ያካትታል። ልጅ ለበዛበት ቤት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲሆን ግን ይህ ጥቅም አይታይም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ ሲነሳ ቀድሞውኑ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል። ሦስተኛውን ሻንጣ ደግሞ የትኛውም ካርድ አያድነውም!

ላውንጅ (የኤርፖርት ልዩ ማረፊያ) የሚያስገቡት ውድ ካርዶች ሌላ ዓለም ናቸው። የዴልታ ሪዘርቭ 650 ዶላር፣ የዩናይትድ ክለብ 695 ዶላር በዓመት ያስከፍላሉ። ዴልታ ከ2025 ጀምሮ የላውንጅ ጉብኝቱን በዓመት 15 ላይ ገድቦታል፤ ገደቡ የሚነሳው ብዙ ለሚያወጣ ሰው ብቻ ነው። በየሳምንቱ ለሥራ የማይበር ሰው ይህን ቢያልፈው አይጎዳም።

ከሁሉ የሚያሳስተው የማይል ሂሳብ ነው። እንበል ትኬቱ በካሽ 1,200 ዶላር ነው፤ በማይል ደግሞ 80,000 ማይልና 60 ዶላር ታክስ። 1,140 ዶላር ለ80,000 ሲካፈል አንድ ማይል 1.4 ሳንቲም ገደማ ያወጣል። መጥፎ አይደለም። አሁን ግን ያን 80,000 ማይል በአስቤዛና በቢል፣ በዶላር አንድ ማይል እየተቆጠረ እንሰብስበው ብንልስ? 80,000 ዶላር ማውጣት ሊኖርብን ነው። ሁለት በመቶ ካሽ ባክ የሚሰጥ ተራ ካርድ በዚሁ ወጪ 1,600 ዶላር ይመልስ ነበር። ትኬቱን ገዝቶ 400 ዶላር ይተርፋል። እንግዲህ የአየር መንገድ ካርድ የሚያዋጣው በመጀመሪያው ቦነስና በሻንጣው እንጂ በየቀኑ በካርዱ በመክፈል አይደለም።

ቦነሱም ቅድመ ሁኔታ አለው። አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ ጥቂት ሺህ ዶላር መውጣት አለበት። የመኪና ኢንሹራንስ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ በሚመጣበት ወቅት ማመልከት ብልህነት ነው። ለቦነሱ ብሎ የማያስፈልግ ዕቃ መግዛት ግን ኪሳራ ነው። ቼዝ ባለፉት 24 ወራት አምስትና ከዚያ በላይ ካርድ ያወጣን ሰው ብዙ ጊዜ አይቀበልም። አሜሪካን ኤክስፕረስ በአንድ ዓይነት ካርድ ቦነስ የሚሰጠው በመርህ ደረጃ አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ላይ ማሰብ ይገባል።

የካርዱን ዕዳ በየወሩ ሳይጨርስ ባላንስ የሚያሳድር ሰው ከዚህ ጨዋታ ቢርቅ ይሻለዋል። የእነዚህ ካርዶች ወለድ በአብዛኛው ከ20 በመቶ በላይ ነው። 3,000 ዶላር ዕዳ በ25 በመቶ ሲታሰብ በወር 60 ዶላር አካባቢ ይበላል። በዚያ ፍጥነት የትኛውም ነፃ ትኬት ነፃ አይሆንም።

ማይል ዋጋውም አይጸናም። ዩናይትድና ዴልታ ስንት ማይል የት እንደሚያደርስ የሚያሳየውን ቋሚ ሰንጠረዥ ትተውታል፤ ዋጋው እንደ ገበያው ይወጣል ይወርዳል። የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር በመስከረም 2024 አራቱን ትልልቅ አየር መንገዶች ስለዚሁ ጉዳይ ማብራሪያ ጠይቋል። ለዓመታት ማጠራቀም እንግዲህ አያዋጣም። የትኛው አየር መንገድ እንደሚሻል ያልወሰነ ሰው ነጥቡ ወደ ብዙ ቦታ የሚዛወር የባንክ ካርድ ቢይዝ ይሻለዋል። ለምሳሌ የአንዳንድ ቼዝ ካርዶች ነጥብ ወደ ዩናይትድም ወደ ኤሮፕላንም ይሄዳል፤ ትኬቱ ሲገኝ ማዛወር ነው።

አንድ ዓመት ሲሞላ ዓመታዊ ክፍያው ይመጣል። ያኔ ባንኩ ጋ ደውሎ ደንበኛ ለማቆየት የሚሰጡት ነገር እንዳለ መጠየቅ የተለመደ ነው። ካልሰጡ፣ ክፍያ ወደሌለው ካርድ ማውረድ ይቻላል፤ ዩናይትድ ጌትዌይ እንዲህ ያለው ነው። ካርዱ ቢዘጋም አየር መንገዱ አካውንት ውስጥ የገባው ማይል አይጠፋም። ገና ያልተዛወረ የባንክ ነጥብ ግን ከካርዱ ጋር ሊቀር ስለሚችል፣ ከመዝጋት በፊት ማዛወር ያስፈልጋል።