«ክምችት» ምንድን ነው? ጎተራ የገባ ጤፍ አይደለም

ሰሞኑን እንደገና አየሁት። ይህን ያህል ሚሊዮን ቶን የድንጋይ ከሰል ክምችት ተገኘ የሚል ወሬ፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ቶኑን በዓለም ገበያ ዋጋ አባዝቶ፣ ለሕዝቡ አካፍሎ፣ «ታዲያ ለምን ደሃ ሆንን?» ይላል። ጥያቄው የቅን ሰው ጥያቄ ነው። ስሌቱ ግን ገና ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

ግማሹ ጥፋት የቃሉ ነው። «ክምችት» ከ«አከማቸ» ስለመጣ፣ ስንሰማው ተሰብስቦ የተቀመጠ ነገር ይታየናል። በእኛ በማዕድን ፍለጋ ሙያ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ሪሶርስ እና ሪዘርቭ። አማርኛው ሁለቱንም «ክምችት» ብሎ ይጠራቸዋል፣ ችግሩም እዚህ ጋ ይጀምራል።

ሪሶርስ ማሳ ላይ የቆመ ጤፍ ነው። ከመንገድ ዳር ቆመህ «ጥሩ ይመስላል» ካልክ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነህ፤ በከሰል ቋንቋ፣ ጥቂት ጉድጓድ ተቆፍሮ የቀረው በግምት የተሞላበት። ማሳው ውስጥ ገብተህ እዚህም እዚያም ካየህ ሁለተኛው፣ ጥግ እስከ ጥግ ከለካህ ሦስተኛው። ሦስቱም ግን ገና አልታጨዱም። የአጫጁ ዋጋ፣ ውቂያው፣ ገለባው፣ ገበያ ድረስ የሚያደርሰው መንገድ ተሰልቶ «ይህን ያህሉ አዋጭ ነው» ሲባል ነው ሪዘርቭ የሚሆነው። ያኔም ቢሆን ገና መሬት ውስጥ ነው፤ ጎተራ አልገባም። የአጫጁ ዋጋ ከጤፉ ከበለጠ ደግሞ ገበሬው እዚያው ይተወዋል። ጤፉ ግን አልጠፋም።

ጀርመን የሆነው ይኸው ነው። በቦትሮፕ ከተማ የነበረው የመጨረሻው ጥቁር ከሰል (ከፍ ያለ ደረጃ ያለው የድንጋይ ከሰል) ማውጫ በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ከሰሉ አልቆ አይደለም፤ አሁንም ብዙ አለ። ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ማውጣት ከውጭ ከመግዛት ይልቅ ብዙ ስለሚያስወጣና መንግሥትም ድጎማውን ስላቆመ ነው። ድንጋዩ ባለበት ነው፤ ሪዘርቭ የሚለው ስም ግን ተነሣለት።

ዋጋውም ራሱ ይዋዥቃል። የአውስትራሊያው የኒውካስል ከሰል በ2022 እ.ኤ.አ. በቶን ከ400 ዶላር አልፎ ነበር፣ በዓመቱ ከግማሽ በታች ወረደ። ደግሞ ያ ዋጋ በኪሎ ወደ 6,000 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ለሚሰጥ፣ ወደብ ለደረሰ ከሰል ነው። የኛ አገር የያዩ፣ የደልቢ-ሞዬና የጭልጋ ከሰል በአብዛኛው ሊግናይት (ዝቅተኛ ደረጃ ያለው፣ ሙቀቱ አነስተኛ የሆነ ከሰል) እና ከእሱ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የጭልጋው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል በነበረ ረግረግና ሐይቅ ውስጥ ስለተፈጠረ ጭቃና የእሳተ ገሞራ አመድ አብሮት ተቀብሯል። ስለዚህ ሲቃጠል የሚተወው አመድ ብዙ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከደቡብ አፍሪካ ድረስ ከሰል ሲያስመጡ የኖሩት «እኛ ጋ የለም» ተብሎ አይደለም። ምድጃቸው ውስጥ ያለው ነገር 1,450 ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት፣ ጥራቱም ከቀን ቀን መለዋወጥ የለበትም። በማጠብ አመዱን መቀነስ ይቻላል፤ ግን ስታጥበው ከቶኑ ላይ ይቀነሳል። መቶ ቶን ቆፍረህ መቶ ቶን አትሸጥም።

እዚህ ላይ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ባለሙያ የሚባሉትም ይስቱታል። የከሰሉን ሙቀት የሚገልጽ የላብራቶሪ ውጤት ስታዩ ከሰሉ ደርቆ ነው ወይስ እንደመጣ የተለካው? ሊግናይት ከክብደቱ ሢሶ በላይ ውሃ ሊሆን ይችላል። የደረቀውን ሙቀት ወስዶ በእርጥቡ ቶን ማባዛት ውሃን በከሰል ዋጋ መሸጥ ነው።

ከቁፋሮ የወጣ ናሙና ስመዘግብ ብዙ ጊዜ ያየሁት አለ። አንዱ ጉድጓድ ሁለት ሜትር ውፍረት ያለው ከሰል ይሰጥሃል፣ ጥቂት መቶ ሜትር ራቅ ብለህ ስትቆፍር ሸክላ ብቻ። ሁለቱን ጉድጓዶች በመስመር አገናኝቶ «መሀሉ ሁሉ ከሰል ነው» ማለት ቀላል ነው፣ ቁጥሩም ያምራል።

እኔ ብጠየቅ ሪሶርስን «የተገመተ ሀብት»፣ ሪዘርቭን «በአዋጭነት ሊወጣ የሚችል ክምችት» እላቸው ነበር። ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ግን የመጀመሪያውን የሰማ ሰው ካልኩሌተር ከማንሣቱ በፊት «ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ?» ብሎ ይጠይቃል።