ኬራቶኮነስ፦ «ሌንስ ይሻላል ወይስ ኦፕራሲዮን?» ከማለታችን በፊት

ደብረ ማርቆስ ላይ አስተማሪ ነኝ። ኬራቶኮነስ የሚባል የዓይን በሽታ ሁለቱንም ዓይኖቼን ይዞኛል፤ የግራው ይብሳል። ቀን ቀን ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ አደርጋለሁ፤ ቀኙን ደግሞ ከዓመታት በፊት በሽታው እንዳይገፋ የሚደረገውን፣ ክሮስሊንኪንግ የሚባለውን ሕክምና ተደርጎልኛል። ይህ ከተሰማ ወዲህ ከቢቸናም ከፍኖተ ሰላምም ሰው እየደወለ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ «ሌንሱ ይሻላል ኦፕራሲዮኑ?» እኔም ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፦ «የዓይንህን ካርታ ስንት ጊዜ ተነሣህ?» ለምን እንደዚህ እንደምል ወደ ኋላ ይገባችኋል። ሐኪም አይደለሁም፤ በራሴ ዓይን ላይ ስህተት እየሠራሁ የተማርኩትን፣ ሐኪሞቼም እየተቆጡ ያስረዱኝን ነው የምጽፈው።

«ሞራ ነው፤ ሲበስል ይገፈፋል»

መጀመሪያ የሰማሁት ይህንን ነው፤ ከእናቴ ጎረቤት። ሞራ የሚወጣው ግን በዓይን ውስጥ ባለው ተፈጥሯዊ ሌንስ ላይ ሲሆን ይበልጥ የሚይዘውም በዕድሜ የገፉትን ነው። ኬራቶኮነስ ደግሞ ከፊት ለፊት ያለችው ጥርት ያለች ሽፋን፣ የኮርኒያ በሽታ ነው። በዜና «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል የምትሰሙት ስለ እሷ ነው። ጤነኛ ኮርኒያ ውፍረቷ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ቅርጿም እንደ ኳስ ገጽ ክብ ነው። ኬራቶኮነስ ሲይዛት እየሳሳች እንደ መሶብ ክዳን ወደ ፊት ትሾላለች። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ ነው። ስለዚህ የ17 ዓመት ልጅ ሰሌዳው አልነበብ ሲለው ሞራ እስኪበስል እያሉ መጠበቅ ልጁን መበደል ነው። ትራኮማም አይደለም። ትራኮማ በአካባቢያችን ስለበዛ ዓይን በቀላ ቁጥር ቴትራሳይክሊን መቀባት ልማድ ሆኗል፤ ለዚህ ግን አንዳች አይፈይድም።

«መነጽር ሠሪው ነው ያበላሸብኝ»

እኔም በሁለት ዓመት ውስጥ አራት መነጽር ቀይሬ አራቱንም ሰዎች አምቻለሁ። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። በሽታው ሲጀምር መነጽር ይበቃል። ኮርኒያዋ እያደረች ወጣ ገባ ስትሆን ግን የመነጽር መስታወት የሚያርመው ወጥ የሆነ ጉድለትን እንጂ እንዲህ የተዛባ ገጽን አይደለም። አንዷ ጨረቃ ሦስት ሆና ትደራረባለች፤ ማታ ከፊት የሚመጣ የኤፍኤስአር መብራት እንደ ሸረሪት ድር ይበተናል። ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ ከተለዋወጠባችሁና በአዲሱ መነጽርም ጥርት ካላለላችሁ አምስተኛ መነጽር አታሠሩ። ኮርኒያን የሚያነሣ ቶፖግራፊ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ካርታ የምለው እሱ የሚያወጣውን ባለቀለም ሥዕል ነው። ገጿ የት እንደሾለ፣ የት እንደሳሳ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

«በኩራዝ ማጥናት ያመጣው ነው»

የቅኔ አገር ሰዎች ነንና ይህ እምነት ሥር ሰዷል። ስንት የቆሎ ተማሪ በጧፍ ብርሃን ሲያነብ ኖሯል! በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ዓይንን ያደክማል፤ ኮርኒያን ግን አያሳሳም። በሽታው በዘር ሊመጣ ይችላል፤ ከወንድማማች አንዱ ካለበት ሌሎቹም ቢታዩ ጥሩ ነው። በእጃችን ያለው ትልቁ ነገር ግን ዓይንን ማሸት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ከሌንሱም ከኦፕራሲዮኑም የሚቀድመው ይህ ነውና። በእኛ አገር አለርጂ ያለበት ልጅ ዓይኑን ሲያሳክከው በጣቱ አንጓ እያዞረ ያሸዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ጤፉ ተወቅቶ እብቁ ሲነሣ፣ ወይም ማዕድ ቤቱ በኩበት ጭስ ሲሞላ አይቶ የማያውቅ የለም። ደጋግሞ ማሸት ቀድሞም የደከመችውን ኮርኒያ ይበልጥ ያዳክማታል። እኔ በልጅነቴ ዓይኔን ሳሽ እሰማው የነበረው ድምፅ እንኳ እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ያ እርካታ ምን ያህል እንዳስከፈለኝ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። መፍትሔው «አትሽ!» ብሎ መጮህ ሳይሆን ማሳከኩን ማከም ነው። ሐኪም የሚያዘው የአለርጂ ጠብታ አለ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይን ላይ ማሳረፍም ፋታ ይሰጣል።

ከፋርማሲ ራሳችሁ አትግዙ የምላችሁ አንድ ነገር አለ፦ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ የስቴሮይድ ጠብታ። ማሳከኩን በአንድ ቀን ፀጥ ስለሚያደርገው ሰው ይወደዋል፤ ለጎረቤትም ያካፍለዋል። ያለ ክትትል ወራት ከተጨመረ ግን የዓይን ግፊትን ከፍ አድርጎ ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል፤ እውነተኛውን ሞራም ሊያስከትል ይችላል። ግላኮማ የወሰደው ብርሃን ደግሞ አይመለስም።

«ሌንሱ ሹሉን ተጭኖ ወደ ቦታው ይመልሰዋል»

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው በዚህ ነው። እኔም ሌንስ ካደረግሁ በሽታው የቆመ መስሎኝ አንድ ዓመት ሙሉ ቀጠሮ ዘልያለሁ። ሌንስ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በጠንካራው ሌንስና በተዛባችው ኮርኒያ መካከል ያለውን ክፍተት እንባ ይሞላዋል፤ ብርሃኑም ለስላሳ ገጽ አግኝቶ ያልፋል። የመጀመሪያ ቀን ከክሊኒኩ ወጥቼ የዛፍ ቅጠል አንድ በአንድ ሳይ ዕንባዬ መጣ፤ ሌንሱ ቆርቁሮኝም ጭምር ነበር። ማታ ስናወልቀው ግን ኮርኒያዋ ያችው ናት። ሌንስ ያሳያል እንጂ አያስቆምም። በልኩ ያልተሠራ ሌንስ እንዲያውም ሹሉን ጫፍ እየፋቀ ጠባሳ ያስቀምጣል።

ትንሿ ጠንካራ ሌንስ የምታርፈው ኮርኒያ ላይ ነው። ዋጋዋ ይቀላል፤ ግን አንዲት እብቅ ከሥሯ ከገባች ምድር ትጠብብሃለች፣ መንገድ ላይ ቆመህ ታለቅሳለህ። ስክሌራል የሚባለው ትልቁ ሌንስ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ያርፋል፤ ሹሏን ሳይነካ ከላይ ያልፋታል፤ በውስጡም ንጹሕ የጨው ፈሳሽ ይሞላል። አቧራ በቀላሉ አይገባበትም። ለባጃጅ ሹፌርና አውድማ ላይ ለሚውል ሰው እኔ ቢጠይቁኝ ስክሌራሉን እላለሁ፤ ነገር ግን ውድ ነው፤ የማይቋረጥ የፈሳሽ አቅርቦትም ይፈልጋል። ፈሳሹ ሲያልቅ «ለዛሬ የፈላ ውሃ ይበቃል» የሚል ሰው ግን ባያደርገው ይሻለዋል።

«ውሃ ምን ያደርገዋል፤ ጠበል ደግሞ ያጠራዋል»

በሌንስና በውሃ ነገር ቀልድ የለም። በቧንቧ፣ በጉድጓድ፣ በወንዝና በሐይቅ ውሃ ውስጥ አካንታሚባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ይኖራል። ሌንስ ሥር ከተደበቀ ኮርኒያን ይበላል፤ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ ሕመሙም ከባድ ነው። ስለዚህ ሌንስ በውሃ አይታጠብም፣ በምራቅ አይረጥብም፣ አድርገውት ጣና ውስጥ አይዋኙበትም፣ አይተኙበትም። ጠበል ለሚሄድ ሰው ሂድ አትሂድ አልልም፤ እኔም እሄዳለሁ። ሌንሱን ግን አስቀድሜ አውልቄ በመያዣው ውስጥ አደርጋለሁ፤ ከጠበሉም በኋላ ወዲያው አልመልሰውም። ከመንካቴ በፊት እጄን በሳሙና ታጥቤ ፈጽሞ አደርቃለሁ። ዓይን ቀልቶ፣ ታሞ፣ ብርሃን ከፈራ ሌንሱን አውልቆ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ ነገ አይባልም።

«ሌንስ ከዓይን ጀርባ ገብቶ ይቀራል» ለሚሉኝ እናቶች መልሴ አጭር ነው፦ መንገድ የለውም። የዓይንን ነጭ የሸፈነው ስስ ሽፋን ታጥፎ ከቆብ ጋር ስለሚገናኝ ወደ ጀርባ የሚያሳልፍ በር የለም። ከላይኛው ቆብ ሥር ሊሸሸግ ይችላል፤ ይገኛል።

«ክሮስሊንኪንግ ካደረግሁ መነጽርም ሌንስም እጥላለሁ»

ይህ ተስፋ ገንዘብ አስወጥቶ ያሳዝናል። ክሮስሊንኪንግ በጀርመን ድሬስደን ከተማ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ውጤቱ በሰፊው የታወቀ ሕክምና ነው። ዓላማው አንድ ነው፦ በሽታው እንዳይገፋ ማድረግ። የኮርኒያን ላይኛ ስስ ቆዳ ገፈው ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2፣ እየደጋገሙ ያንጠባጥባሉ፤ ከዚያ አልትራቫዮሌት ብርሃን ያበሩበታል። በመጀመሪያው አሠራር ማንጠባጠቡ 30 ደቂቃ፣ ብርሃኑም 30 ደቂቃ ነው፤ አሁን የሚያጥሩ አሠራሮችም አሉ። ብርሃኑና ቫይታሚኑ ተጋግዘው የኮርኒያን ክሮች እርስ በርስ ያቆላልፏቸዋል፤ የላላች ድርና ማግ ጠበቅ እንደማለት ነው።

ሰው አያስተኛም፤ በማደንዘዣ ጠብታ ነው የሚሠራው። በጊዜው አላመመኝም። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ለመመለስ በማግስቱ መኪና መሳፈሬ ግን ሞኝነት ነበር፦ የዓባይን በረሃ ፎጣ ፊቴ ላይ ጥዬ እያለቀስኩ ተሻገርኩት። ቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ቀናት ከባድ ናቸውና እዚያው ዘመድ ጋ እደሩ። ከዚያ እይታው ለሳምንታት ከበፊቱ ይበልጥ ይደበዝዛል፤ ብዙ ሰው «አበላሹኝ» የሚለው ያኔ ነው። ቀስ በቀስ ይመለሳል። አንዳንዱ ሰው ላይ ሹሉ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ አብዛኛው ሰው ግን ከዚያም በኋላ ለማየት መነጽር ወይም ሌንስ ያስፈልገዋል። የኢንፌክሽንና የጠባሳ አደጋ ጥቂት ቢሆንም አለ። በመደበኛው አሠራር ደግሞ ኮርኒያዋ ቢያንስ 400 ማይክሮን (0.4 ሚሊሜትር) ውፍረት ሊኖራት ይገባል፤ ስለዚህ እጅግ እስክትሳሳ የጠበቀ ሰው ዕድሉ ይጠብበታል።

ሌዚክን ለሚያስቡ አንድ ቃል፦ ሌዚክ መነጽር ለማስጣል በሌዘር ኮርኒያን እየሸረፈ የሚሠራ ነው። የሳሳችውን ይበልጥ ማሳሳት ነውና ለኬራቶኮነስ አይሆንም። ዳሩ ግን «ኦፕራሲዮን» ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት እሱ ነው።

«መጨረሻው ንቅለ ተከላ ነው»

አይደለም። አብዛኛው ሰው በሌንስና በክትትል ይኖራል፤ በሽታውም ብዙ ጊዜ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ይረጋጋል። ንቅለ ተከላ ጠባሳ ላስቀመጠች፣ ወይም ሌንስ ጨርሶ መሸከም ላቃታት ኮርኒያ ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ከተቋቋመ ወዲህ ከለጋሾች ኮርኒያ ይሰበስባል፤ የሚተከለውም ሙሉ ዓይን ሳይሆን ይህቺው ስስ ሽፋን ብቻ ናት። አዲሷ ኮርኒያ የተሰፋችበት ክር ግን ዓመትና ከዚያ በላይ ዓይን ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ሰውነት አዲሷን ኮርኒያ እንዳይገፋት ጠብታው ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል፤ ከዚያም በኋላ ሌንስ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ከሞጣ ወይም ከዳንግላ ለቀጠሮ መመላለስ የማይችል ሰው ይህንን አስቀድሞ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገር፤ ማፈር የለበትም።

እንግዲህ ለሚደውሉልኝ ካርታውን የምጠይቀው ለዚህ ነው። አንድ ካርታ በሽታው መኖሩን ይነግራል፤ በወራት ልዩነት የተነሡ ሁለት ካርታዎች ደግሞ እየገፋ መሆኑን ይነግራሉ። በዓመት ውስጥ ሹሉ በ1 ዳዮፕተር (ካርታው ሹልነቱን የሚለካበት መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ በተለይ ልጁ ገና ለጋ ከሆነ፣ መጀመሪያ ማስቆም ነው፤ ሌንሱ ከዚያ ይደርሳል። ካልገፋ ሌንስ ይበቃል፤ ገንዘቡም ለእሱ ይውላል። ለጋ ልጅ ላይ ቶሎ ስለሚገፋ ብዙ ሐኪሞች ሁለተኛ ካርታ እስኪነሣ ረጅም ጊዜ አይጠብቁም።

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው ካርታው ክረምት ላይ ተነሥቷል፤ ሁለተኛው በመስከረም ቀጠሮ ተይዞለታል። ቀን ቀን እጁን ከዓይኑ ማራቅ ለምዷል። ሌሊት ግን በእንቅልፉ ያሻል፤ እናቱ ከመተኛቱ በፊት ካልሲ እጆቹ ላይ ታጠልቅለታለች። ጠዋት አንደኛውን ሁልጊዜ ከአልጋው ሥር ነው የምታገኘው።