ሰዓቱ ሲያልቅ፦ በጃፓን የሴቶች ትግል «አቻ» ምን ማለት ነው?

«ስታርደም» የተባለው የጃፓን የሴቶች ፕሮፌሽናል ትግል ድርጅት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚያካሂደው «ፋይቭስታር ግራንድ ፕሪ» የምድብ ውድድር፣ ያሸነፈች ታጋይ 2 ነጥብ ስታገኝ፣ ሳይሸናነፉ የተመደበው ሰዓት ካለቀ ግን ሁለቱም አንድ አንድ ነጥብ ይይዛሉ። ለሻምፒዮና ቀበቶ በሚደረግ ግጥሚያ ደግሞ አቻ መውጣት ቀበቶውን ከባለቤቷ አያስነጥቅም። ስለዚህ አስተዋዋቂው «አሥር ደቂቃ አልፏል» ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ ትከሻዋ ምንጣፉን የነካው ታጋይ ለሽንፈት የሚያበቃው የሦስት ቆጠራ ሳይሞላ ባመለጠች ቁጥር የባከነው ሰከንድ ለተመልካቹ ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል። የግጥሚያውን ጥራት መዝኖ ከአምስት ኮከብ ደረጃ የሚሰጥ ሰው ደግሞ፣ «ፋይቭስታር» የውድድሩ መጠሪያ እንጂ የጥራት ምስክርነት እንዳልሆነ ሊለይ ይገባል። በእኔ እምነት፣ የመጨረሻው ደወል ሲደወል ሁለቱም ለማሸነፍ እየታገሉ የተገኙበት አቻ፣ ከችኩል ድል የበለጠ ኮከብ ይገባዋል።