ናላታኒያ፦ በአዳም ተራራ ግርጌ ያለችው የተሳላሚዎች መንደር

ናላታኒያ በስሪ ላንካ መካከለኛ ደጋ፣ ስሪ ፓዳ ወይም የአዳም ተራራ ከሚባለው ሾጣጣ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከተማ የምትባለው እንኳ በወግ ነው፤ ጥቂት የእንግዳ ማረፊያዎች፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ አንድ ወንዝ፣ ዙሪያውን የሻይ ተክል። ስሟ በታሚልኛ «ጥሩ ውኃ» ማለት ነው። እንግሊዞች ደልሃውሲ ይሏት ስለነበር በአንዳንድ ካርታ ላይ ዛሬም የምትገኘው በዚያ ስም ነው። ዓመቱን በሙሉ ብትታይ የምትጻፍ ቦታ አትመስልም። ከታኅሣሥ ሙሉ ጨረቃ እስከ ግንቦት ሙሉ ጨረቃ ድረስ ግን እንቅልፍ የላትም። የቡድሃ፣ የሂንዱ፣ የእስልምናና የክርስትና ተከታዮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምክንያት የሚያከብሩት ተራራ መንገድ ከደጃፏ ይጀምራል።

ተራራው 2,243 ሜትር ከፍታ አለው። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ቁጥር ብዙም አያስደንቅም፤ ከተማችን ራሷ ከዚያ ትበልጣለች። በስሪ ላንካም ቢሆን ረጅሙ ተራራ አይደለም፤ ፒዱሩታላጋላ 2,524 ሜትር ነው። የስሪ ፓዳ ግርማ የሚመጣው ከአቀማመጡ ነው። ከዝቅተኛው ምድር ብቻውን እንደ ሞሰብ ክዳን ሾሎ ስለሚወጣ፣ በጥንት ዘመን በሕንድ ውቅያኖስ የሚመላለሱ መርከበኞች ከሩቅ ባሕር ላይ ሆነው ያዩት ነበር። ዓረቦች ደሴቲቱን ሰራንዲብ፣ ተራራውን አል ራሁን ብለው የጻፉት ይህን ከባሕር የሚታይ ጫፍ እያሰቡ ነው።

ጫፉ ላይ ትልቅ ቋጥኝ አለ። ቋጥኙ ላይ ደግሞ ወደ 1.8 ሜትር የሚረዝም፣ የእግር ዱካ የሚመስል ጉድጓድ ይገኛል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጉድጓድ ላይ ነው።

ቡድሂስቶች ዱካው የጎታማ ቡድሃ ነው ይላሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ደሴቲቱ በመጣ ጊዜ፣ የተራራው ጠባቂ ሳማን ስለለመነው እግሩን አሳረፈበት። «ስሪ ፓዳ» ማለትም «ቅዱስ እግር» ነው። ሂንዱዎች ዱካውን የሺቫ ያደርጉታል፤ ተራራውንም በታሚልኛ ሲቫኖሊፓዳ ማላይ ብለው ይጠሩታል። ሙስሊሞች ዘንድ በቆየው ትውፊት አደም ከጀነት ሲወርድ መጀመሪያ የረገጠው እዚህ ነው፤ በአንድ እግሩ ቆሞ ሺህ ዓመት ንስሐ ገባ የሚሉም አሉ። በ9ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ አንድ የዓረብ ነጋዴዎች ትረካ የአደም አንድ እግር ተራራው ላይ፣ ሌላው ባሕር ውስጥ ነበር ይላል። የደሴቲቱ ትልቁ ሕዝብ ሲንሃላዎች ከሃይማኖቱ ሁሉ ርቀው ሳማናላ ካንዳ፣ «የቢራቢሮ ተራራ» የሚሉበትም ጊዜ አለ፤ ቢራቢሮዎች በየዓመቱ በመንጋ ወደ ጫፉ የሚበሩት ለመሳለም ነው ብለው ስለሚያምኑ።

የክርስቲያኖቹ ነገር ለእኛ ቀረብ ይላል። ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዘመን ደሴቲቱን ሲይዙ በዱካው ጉዳይ ሁለት ሐሳብ ሆኑ። ገሚሱ የሐዋርያው የቶማስ ነው አለ፤ ገሚሱ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ ነው አለ። ያ በጋዛ መንገድ ላይ ሠረገላው ውስጥ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ያገኘውና ያጠመቀው፣ እኛ ባኮስ የምንለው ሰው ማለት ነው። የሐዋርያት ሥራ ደስ እያለው መንገዱን እንደቀጠለ ተናግሮ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን የሞላው ትውፊት ነው። በጢሮሱ ዶሮቴዎስ ስም የሚጠራ የቆየ ጽሑፍ ጃንደረባው ከሰበከባቸው አገሮች መካከል ታፕሮባንን ይቆጥራል፤ ታፕሮባን ግሪኮች ስሪ ላንካን የሚጠሩበት ስም ነው። ባኮስ ተራራውን ወጣ ለማለት በእጅ የሚያዝ ማስረጃ የለም። የአክሱም ዘመን ሰዎች ደሴቲቱን ያውቋት እንደነበር ግን መዝገብ አለ፤ በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለው ግብጻዊ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ወደ ታፕሮባን ስለተሻገረ ሶጳጥሮስ የሚባል ነጋዴ ጽፏል።

ወደ ተራራው የሚወስዱ በርካታ መንገዶች አሉ። ከራትናፑራ ወገን የሚነሣው ረጅሙና አድካሚው ነው፤ በዚያው ልክ በረከቱ ይበልጣል ይባላል። የናላታኒያው አጭር ነው። ባቡር ከኮሎምቦ ሃተን ያደርሳል፣ ከሃተን በማስኬሊያ በኩል በአውቶቡስ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ተኪዶ ናላታኒያ ይገባል። ከዚያ ያለው ደረጃ ነው፤ ከ5,000 በላይ። የሚኬደው በሌሊት ነው። አብዛኛው ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይነሣል፣ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይወጣል፣ ጎሕ ሲቀድ ጫፉ ላይ ይደርሳል። መንገዱ ዳር እስከ ዳር መብራት ስለተዘረጋበት ከሩቅ ለሚያየው በተራራው ጎን የተንጠለጠለ የዶቃ ክር ይመስላል።

በወቅቱ የደረጃው ግራና ቀኝ ገበያ ነው። ትኩስ ሻይ፣ ከጥቁር ስኳርና ከኮኮናት የሚሠራ ጣፋጭ፣ የልጅ መጫወቻ፣ የሱፍ ኮፍያ። ኮፍያው ቀልድ አይደለም፤ ቆላ የለመደ የኮሎምቦ ሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሽማግሌዎችን ልጆቻቸው ደግፈው፣ ሕፃናትን አባቶቻቸው ትከሻ ላይ አድርገው ያወጧቸዋል። ብዙዎች ነጭ ለብሰዋል። የሚጓዙት በቡድን ነው፤ ቡድኑ ናዴ ይባላል፣ መንገዱን የሚያውቅ መሪ ይኖረዋል። እየወጡ ያዜማሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ወራጁም ለወጪው ምርቃት ይመልሳል። ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል «ካሩናዋይ» ነው፤ ርኅራኄ እንደማለት ያለ ነው።

በመንገዱ ላይ የሚፈጸሙ ወጎች አሉ። ሲታ ጋንጉላ የሚባለው ጅረት ዘንድ ሲደርሱ ይታጠባሉ፤ ውኃው በረዶ ነው። ኢንዲካቱፓና «የመርፌ ቦታ» ነው። ቡድሃ እዚህ ጋ ቁጭ ብሎ የተቀደደ ልብሱን ሰፋ ስለሚባል፣ ተሳላሚው መርፌና ነጭ ክር ይዞ መጥቶ ክሩን እዚያ ያስራል። በወቅቱ መጨረሻ ቦታው ጥጥ የተዳወረበት ይመስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው የራሱ መጠሪያ አለው፣ «ኮዱ» ይባላል፤ ከፊት ያሉት ወጎች ሁሉ ለእርሱ ይበልጥ የጠበቁ ናቸው። ጫፉ ላይ ደወል አለ፤ የሚደወለው በወጡበት ቁጥር ልክ ነው። አንዴ ደውሎ ዝም ያለው ጀማሪ ነው። ከጎኑ አንዲት አሮጊት ገመዱን ይዘው ሃያ ጊዜ ሲስቡ የቆመው ሰው ሁሉ በልቡ አብሮ ይቆጥራል።

ዱካውን ራሱን ለማየት የጓጓ ሰው ግን ቅር ይለዋል። ጉድጓዱ በጨርቅ ተሸፍኗል። በቡድሂስቶች እምነት ደግሞ የሚታየው ቋጥኝ መሸፈኛ እንጂ እውነተኛው ዱካ አይደለም፤ እውነተኛው ከሥሩ በሰንፔር ድንጋይ ላይ ታትሟል። በሸፈኑ ላይ ሌላ ሸፈን መሆኑ ነው። እኔ የዚህ ቦታ ሰላም አንዱ ምንጭ ይህ ይመስለኛል፤ ማንም አልገለጠው፣ ስለዚህ የማን እግር እንደሆነ ለማስረዳት የተገደደ የለም።

ጠብ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ጠቡ በዱካው ማንነት ሳይሆን በጥበቃውና በመባው ላይ ነበር። ቀዳማዊ ቪጃያባሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1055 እስከ 1110 የነገሠው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ለተሳላሚዎች መመገቢያ የጊሊማሌን መንደር ግብር ሰጠ። አምባጋሙዋ በተገኘው ድንጋይ ላይ ያስጻፈው ጽሑፍ፣ ዝቅተኛ ተብለው የተፈረጁ ሰዎች የሚሳለሙበት ዝቅ ያለ መደብ ማሠራቱንም ይነግረናል። ተራራው ሃይማኖትን ሲያቀላቅል ዘርን ግን በየደረጃው ያስቆም ነበር ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የሲታዋካው ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃሲንሃ ጥበቃውን ከቡድሂስት መነኮሳት ነጥቆ ለሺቫ ባሕታውያን ሰጠ። የደሴቲቱ ዜና መዋዕል ምክንያቱን ሲተርክ፣ ንጉሡ አባቱን ገድሎ ሥርየት ቢጠይቅ መነኮሳቱ ስለከለከሉት ነው ይላል፤ ዜና መዋዕሉን የጻፉት መነኮሳት መሆናቸውን አንባቢ አይርሳ። ለመነኮሳቱ የመለሰላቸው በ18ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ኪርቲ ስሪ ራጃሲንሃ ነው። እስከ ዛሬም በእነርሱ እጅ ነው፤ ተሳላሚውም በብዛት ቡድሂስት ነው።

ከውጭ ከመጡት መካከል በጣም ጥሩ አድርጎ የጻፈው በሞሮኮዋ ታንጀር የተወለደው ተጓዥና ቃዲ (ዳኛ) ኢብን ባቱታ ነው። በ1344 ወደ ደሴቲቱ ሲደርስ የሰሜኑ ንጉሥ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው። የአደምን እግር መሳለም ብቻ አለ። ንጉሡም ቃሬዛ ከነተሸካሚው፣ በየዓመቱ ተራራውን የሚሳለሙ አራት ዮጊዎች (የሂንዱ መናንያን)፣ ሦስት ብራህማኖች (የሂንዱ ካህናት)፣ አሥር ከቤተ መንግሥቱ ሰዎችና ስንቅ የሚሸከሙ አሥራ አምስት ሰዎች አዘዘለት። የታንጀሩ ቃዲ በሂንዱ መናንያን ታጅቦ ወጣ። ገደሉ ላይ ሰው የሚይዘው የብረት ሰንሰለት ነበር፤ አሥር ናቸው፣ አሥረኛው «የሸሃዳ ሰንሰለት» ይባላል፤ እዚያ ደርሶ ቁልቁል ያየ ሰው ከመፍራቱ የተነሣ ሸሃዳውን፣ የእስልምና የእምነት ምስክርነቱን፣ ይላልና። ዱካውን በስንዝር ለክቶ አሥራ አንድ አገኘው። ከአጠገቡ ዘጠኝ ቀዳዳዎች እንደነበሩና ተሳላሚዎች ወርቅ፣ ዕንቁና የከበረ ድንጋይ እንደሚያኖሩባቸውም ጽፏል። ድሆቹ ፈቂሮች ቀድሞ ለመድረስ ይሯሯጣሉ፤ እርሱና ጓደኞቹ ሲደርሱ የተረፈው ጥቂት ድንጋይና ጥቂት ወርቅ ነበር፣ እርሱንም ለመሪያቸው ሰጡት።

ከእርሱ ቀደም ብሎ ማርኮ ፖሎ ጉዳዩን በአጭሩ አስቀምጦት ነበር፦ ሙስሊሞች የአዳም መቃብር ነው ይላሉ፣ ጣዖት አምላኪዎቹ የሳጋሞኒ ነው ይላሉ። ሳጋሞኒ ያለው ቡድሃን ነው። የሞንጎሎቹ ንጉሠ ነገሥት ኩብላይ ካን በ1284 መልእክተኛ ልኮ ጥርስ፣ ፀጉርና ገበታ እንዳስመጣም ያወራል፤ የማን ጥርስ እንደሆነ ግን እርሱም አልቆረጠውም።

የዛሬይቱን ናላታኒያ መልክ የሰጣት ሻይ ነው፤ ከሻይ በፊት ደግሞ ቡና። እንግሊዞች እነዚህን ኮረብቶች መንጥረው ቡና ተክለው ነበር። ከ1869 ጀምሮ የቅጠል ዋግ በሽታ ፈጀውና ሻይ ተተካ። ጉልበቱ ከደቡብ ሕንድ የመጡ ታሚሎች ነበር። ልጅ ልጆቻቸው አሁንም በየእርሻው መደዳ ቤቶች ይኖራሉ፣ ቅጠል ይለቅማሉ፣ ተራራውንም ለሺቫ ብለው ይወጣሉ። አገሪቱ ነፃ በወጣች ማግሥት፣ በ1948፣ ዜግነት የነፈጋቸው ሕግ የተስተካከለው ቀስ በቀስ፣ እስከ 2003 ድረስ ነው። ወደ ናላታኒያ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት የማውሳኬሌ ግድብም የራሱ ታሪክ አለው፤ በ1960ዎቹ ሲሠራ የድሮዋ ማስኬሊያ ከተማ ውኃ ዋጣት። በድርቅ ዓመት ውኃው ሲጎድል የቤተ መቅደሶቿ ፍርስራሽ ብቅ ይላል፤ የማስኬሊያ ሰዎችም ወርደው ያዩታል።

በተራራው ዙሪያ ያለው ደን በ2010 የስሪ ላንካ መካከለኛ ደጋዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ አብሮ ገብቷል። ኬላኒ፣ ካሉና ዋላዌ ወንዞች የሚነሡት ከዚህ ነው። ይህ ሁሉ ሰው በጠባብ መንገድ ሲያልፍ ላስቲክ መጣሉ አይቀርም፤ የወቅቱ ትልቁ የቤት ሥራ እርሱን መልቀም ሆኗል።

ፀሐይ ስትወጣ ሰው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ዞሮ «ሳዱ፣ ሳዱ» ይላል፤ «መልካም ነው» እንደማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ ወደ ምዕራብ የሚዞር ሌላ ነገር ያያል፤ የተራራው ጥላ በጉም ላይ ይወድቃል፣ ፍጹም ሦስት ማዕዘን ሆኖ፣ ጫፉ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ተዘርግቶ። ለአፍታ ይቆያል፣ ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር ያጥራል። ከዚያ ጉልበት የሚያንቀጠቅጠው ቁልቁለት ይጀመራል።

በግንቦት ሙሉ ጨረቃ፣ በታኅሣሥ ወደ ጫፉ የወጣው የሳማን ምስል በሰልፍ ወደ ራትናፑራ ወገን ይወርዳል። የመንገዱ መብራት ይጠፋል። ባለ ሱቆቹ ጣሪያቸውን ሳይቀር ነቅለው ይሄዳሉ። ዝናቡ ይገባል፣ ደረጃው ላይ አልቅት ይፈላል፣ ናላታኒያም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሻይዋን ትለቅማለች።