የባቢሎን ጡብና የእግዚአብሔር መዳፍ

ናቡከደነፆር በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ እየተመላለሰ፣ ይህች እኔ ያሠራኋት ታላቂቱ ባቢሎን አይደለችምን አለ (ዳንኤል 4፥30)። ስለ ግንባታው አልዋሸም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ605 እስከ 562 ሲነግሥ ከተማዋን እንደ አዲስ ነው ያስገነባት። ስሙ ጡቡ ላይ ይታተም ነበር፤ ዛሬም በየሙዚየሙ ይታያል።

ጡቡን የተሸከመው ሰው ስም ግን የለም። ኤቴመናንኪ ስለሚባለው ግንብ ባስጻፈው ጽሑፍ ንጉሡ ራሱ ይናገራል፤ ከላይኛው ባሕር (ከሜዲትራኒያን) እስከ ታችኛው ባሕር (እስከ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ) ያሉ ሕዝቦችን ለሥራው አሰማራ። አላፈረበትም፣ ኮራበት እንጂ።

ናቡከደነፆር ወደ ባቢሎን ያፈለሳቸው የይሁዳ ምርኮኞች ሁሉ ባሪያ ሆነው ተሸጡ ማለት አይደለም። (ስብከት ላይ እንዲህ ሲባል ስለምሰማ ነው።) መንደር ይዘው የሚያርሱ ነበሩ፤ ግብር ይከፍላሉ፣ ለንጉሡም የግዴታ አገልግሎት ይሰጣሉ። ባሪያ የሆነው ሰው ግን በዚያ አገር የጌታው ስም እጁ ላይ ይጻፍበት ነበር። በዚያው አገር ባለችው በኡሩክ ከተማ የቤተ መቅደሱ ባሪያዎች ኢሽታር የምትባለው ጣዖት የኮከብ ምልክት ነበረባቸው። ቢያመልጡ እንኳ እጃቸው ያጋልጣቸዋል።

አሁን ኢሳይያስ 44፥5ን አንብቡ። "እኔ የእግዚአብሔር ነኝ" ብሎ በእጁ የሚጽፍ ሰው አለ። ማንም በግድ አልጻፈበትም። ምዕራፍ 49 ደግሞ ነገሩን ጭራሽ ይገለብጠዋል። ጽዮን ጌታ ረስቶኛል ስትል፣ እርሱ "እነሆ፥ እኔ በእጄ መዳፍ ቀርጬሻለሁ" ይላታል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። በባቢሎን ምልክቱን የሚሸከመው ባሪያው ነው። እዚህ የተቀረጸው የባለቤቱ እጅ ነው! ቀጥሎም "ቅጥሮችሽም ሁልጊዜ በፊቴ አሉ" ይላል፤ የናቡከደነፆር ጦር ያፈረሳቸውን ቅጥሮች ማለቱ ነው።

ታዲያ ወገኖቼ፣ በባቢሎን ላይ ብቻ ጣት መቀሰር አይሆንልንም። ኤርምያስ 34ን እዩት። ከተማዋ ስትከበብ የኢየሩሳሌም ሰዎች ዕብራውያን ባሪያዎቻቸውን ነጻ ለቀቁ። የባቢሎን ጦር ገለል ሲል መልሰው ያዟቸው። እግዚአብሔር በሰይፍ፣ በቸነፈርና በራብ የፈረደባቸው በዚህ ነው። ያደረጉት እኮ የራሱ ሕዝብ ናቸው።

እኛስ ቤት ያለችው ሠራተኛ? እሑድ እኛ ስንዘምር እሷ የት ናት? የዚህ ወር ደመወዟ ካልተከፈለ ደግሞ፣ ጸሎቱ ይቆይና መጀመሪያ እሱን ክፈሉ።