«ዪ ኦልድ» ምንድን ነው?

አሁንስ በዛ። ከሰሞኑም አንዱ «የድሮ እንግሊዞች ‹ዘ› (the) አይሉም ነበር፤ ‹ዪ› (ye) ነበር የሚሉት» ብሎ በልበ ሙሉነት ጽፏል። ማስረጃው የመጠጥ ቤት ታፔላ ነው። ለንደን ፍሊት ስትሪት ላይ እንዳለው «ዪ ኦልድ ቼሻየር ቺዝ» (Ye Olde Cheshire Cheese) ያለው ዓይነት፤ «ኦልድ» የድሮ ማለት ነው።

አላሉም። ያኔም «ዘ» ነበር። ታፔላው ላይ ያለው የመጀመሪያ ፊደል ዋይ (Y) ቢመስልም የሌላ ፊደል ቦታ ይዞ ነው። የዚያ ፊደል ስም ቶርን ነው። ዛሬ በ«ቲ» እና «ኤች» የሚጻፈውን፣ ምላስ ጥርስ መሃል ገብታ የምታወጣውን ድምፅ ብቻውን ይይዝ ነበር። አይስላንዶች እስከ ዛሬ ይጽፉበታል።

ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ዌስትሚኒስተር ላይ ማተሚያ ቤት ከፈተ። የብረት ፊደላቱ የሚመጡት ከባሕር ማዶ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ቶርንን የሚፈልገው የለም። ስለዚህ አታሚዎች ዋይን አስቀመጡ፣ ከላዩም ትንሽ «ኢ» ጨመሩበት። የ1611ዱ የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ኢዮብ 1፥9 ላይ እንዲሁ ታትሟል።

እስቲ «ጨ» የሌለው የአማርኛ ማተሚያ ቤት አስቡ። አታሚው «ጠ»ን ይተካና «ጠው» ብሎ ያትማል። አንባቢው ግን ጨው ብሎ ያልፋል፤ ማንም አይደናገርም። ከ300 ዓመት በኋላ አንዱ ሱቅ ጥንታዊ ለመምሰል «የድሮ ጠው ቤት» ብሎ ይለጥፋል። ቀጥሎ ሌላው ይነሣና «አያቶቻችን ጨውን ጠው ይሉት ነበር» ብሎ ያስተምራል። የኛ ሰውዬ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ጥፋቱ የማተሚያ ብቻ ግን አይደለም። ከማተሚያ በፊትም ብዙ የእጅ ጸሐፊዎች ቶርንን ከዋይ በማይለይ መልክ ይጽፉት ነበር። አታሚው የመረጠው ዓይን የለመደውን ነው።

ደግሞ ይህን ሰምታችሁ «ዪ» ያለበትን ሁሉ «ዘ» እንዳታደርጉት። በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ «እናንተ» ማለት የሆነው «ዪ» እውነተኛ ዋይ ነው፤ እንደተጻፈው ይነበባል።

ተሳስቶ የተነበበ ሁሉ ይታረም ማለትም አይደለም። ማኬንዚ የሚለው የስኮትላንድ ስም ውስጥ ያለው «ዜድ» የሌላ የጠፋ ፊደል፣ የዮግ ምትክ ነበር። እዚያ ግን ንባቡ ራሱ ተለወጠ፤ ባለስሞቹም «ዚ» ይላሉ። እነሱን ማረም የማንም ሥራ አይደለም።