የፋንግ የአያቶች ቅርጽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሙዚየም መስታወት ውስጥ ያለ የፋንግ ሕዝብ የእንጨት ቅርጽ ስታዩ አቀማመጡ ግር ይላል። ጉልበቱ ታጥፏል፣ ወንበር ግን የለውም። እግሮቹም መሬት አይነኩም። ብዙ ሰው «የአፍሪካ ጣዖት» ብሎት ያልፋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

«የሚመለክ ጣዖት ነው»

አይደለም። ፋንጎች በጋቦን፣ በኢኳቶሪያል ጊኒና በደቡብ ካሜሩን የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ብዬሪ በሚሉት የአያቶች ሥርዓት ውስጥ ትልቁ ነገር እንጨቱ ሳይሆን የራስ ቅሉ ነበር። ዘሩን የመሠረቱ አባቶችና ብዙ የወለዱ እናቶች ቅል ከዛፍ ልጥ በተሠራ ክብ ሙዳይ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ቅርጹ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። የብዙዎቹ ቅርጾች መቀመጫ ወደ ታች የሚወርድ እንጨት አለው፤ እሱ ሙዳዩ ውስጥ ይገባ፣ እግሮቹም በጠርዙ ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። ሙዳዩ ሲወሰድበት ነው አየር ላይ የቀረው። እኛ የምናየው ዘበኛውን ብቻ ነው።

«ቅሎቹ የጠላት ናቸው፣ ፋንጎች ሰው በላ ነበሩ»

ይህን ወሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ካናፈሱት አንዱ ተጓዡ ፖል ዱ ሻዩ ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1861 እ.ኤ.አ. ነበር። የብዬሪ ቅሎች ግን የገዛ ወገን ናቸው። አያቱን በክብር ያስቀመጠ ሰው ሰው በላ ተባለ፤ ያሳዝናል።

«ጭንቅላቱ የገዘፈው ጠራቢው ስላልቻለ ነው»

ቀረብ ብላችሁ እዩት። ግንባሩ ሰፊ፣ እግሩ አጭር፣ እምብርቱ ወጣ ያለ ነው። የጨቅላ ሰውነት ነው! ጡንቻው ግን የጎልማሳ ነው፣ አንዳንዱም ጢም አለው። አያትና ሕፃን በአንድ አካል ውስጥ ተገናኝተዋል። አንትሮፖሎጂስቱ ጄምስ ፈርናንዴዝ የመንደሩን ሰዎች ሲጠይቅ ደጋግመው ያነሱለት ሚዛንን ነው፤ ግራና ቀኙ ካልተመጣጠነ ሕይወት አይኖረውም አሉት። እንግዲህ ይሄ ያልቻለ ሰው ሥራ ነው?

«ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነው»

የዘንባባ ዘይትና ሙጫ ነው፣ በየጊዜው እየተቀባ የጠገበው። አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት በኋላም ሙዚየም ውስጥ ዘይት ያልባቸዋል። በእርግጥ የፓሪስ ነጋዴዎች ለገበያ ሲሉ ያጠቆሯቸውም አሉ።

«ራስ ብቻ ከሆነ ተሰብሮ ነው»

ገና ከመጀመሪያው ራስ ብቻ ሆነው የተጠረቡ አሉ። የቀራፂው ጃኮብ ኤፕስታይን ንብረት የነበረው ዝነኛ ራስ ዛሬ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው።

«የፋንግ ሥራ ሁሉ ብዬሪ ነው»

ንጊል የሚባለው ረጅም ነጭ ጭምብል ሌላ ነው፤ ፍርድ የሚሰጥና አጥፊን የሚያድን ማኅበር ጭምብል ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ሞንፔሊየር ላይ አንዱ በጨረታ በ4.2 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ቀድሞ የነበራቸው ባልና ሚስት ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የሸጡት በ150 ዩሮ ነበር። ነጋዴውን ከሰሱት፣ በ2023 ፍርድ ቤት አልፈረደላቸውም። ጨረታው ላይ ግን ጋቦናውያን ተነስተው «የተዘረፈ ነው፣ ይመለስ» ብለው ነበር።

«ፋንጎች አያቶቻቸውን ለሰብሳቢ ሸጡ»

ሚሲዮናውያንና የቅኝ ገዢ ሹማምንት ብዬሪን ሲያሳድዱ ብዙ ቅርጽ ተቃጠለ፣ ተነጠቀ፣ ተሸጠም። ግን ብዙ ቤተሰብ እንጨቱን ሰጥቶ ቅሉን አስቀረ። እንጨት ሌላ ይጠረባል።